በጾም የተሠራ ጎማ

ከደባርቅ እስከ ዳባት እንደኔ መኪና የሚነዳ ሰው የለም። ይሄን የምለው እኔ ብቻ ብሆንም እውነት ነው። ከትምህርት ቤት ጋር ስድስተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ ተጣልተን አይደለም፣ ተሰለቻችተን ነው። ከዚያ መኪና አጠብኩ፣ ረዳት ሆንኩ፣ በር ላይ ተንጠልጥዬ ጎንደር፣ ጎንደር እያልኩ ጮህኩ፣ መጨረሻ ላይ መሪ ጨበጥኩ። አሁን የራሴ መኪና አለችኝ። ትንሽ፣ ነጭ፣ በዕድሜ ከኔ በሁለት ዓመት የምትበልጥ የቤት መኪና ናት። በኮንትራት ነው የምሠራባት። በሊብሬዋ አራት ሰው ትጭናለች፤ በገበያ ቀን ስንት እንደምትጭን ግን ትራፊክ ሊያነበው ስለሚችል አልጽፍም።

የምጽፈው ስለ ጎማ ነው። ስለ ጎማ ምን ይጻፋል የሚል ካለ፣ እናቱን አስቀምጦ ሊማሊሞን ወርዶ አያውቅም ማለት ነው።

እናቴ ሊማሊሞን ትፈራለች። ደባርቅ ተወልዳ፣ ደባርቅ ወልዳ፣ እደጃፏ ያለውን ቁልቁለት በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው የወረደችው። ልጅ ሳለች ጭነት መኪና ላይ ሆና ስትወርድ፣ ከፊታቸው የነበረው መኪና ከመንገዱ ሲወጣ አይታለች። ወደቀ አትልም። "ሄደ" ትላለች። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የሚወርድ ነገር ላይ እግሯን አንስታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ አብሮ አደጓ ላከችባት። ጓደኛዋ በልጅነቷ ተድራ አዲአርቃይ ወርዳ እዚያው የቀረች ናት። ልጇ ሴት ልጅ ወልዳ፣ "የልጅ ልጄን ክርስትና የምታነሺው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ሰው እጅ ላይ አላስቀምጥም" አለቻት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያ ቀን ደግሞ የሰው ቀጠሮ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ይሁን አይባልም። እናቴ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን እኔ ምሳ እየበላሁ፣

"አንተ ከነዳኸው እወርዳለሁ" አለችኝ።

"እኔ ካልነዳሁት ማን ሊነዳው ነው?"

"እሱን ነው የምልህ። ሌላ ሰው ከነዳው እቀራለሁ፣ ሕፃኗ ይቅር ትበለኝ።"

ያን ቀን ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት። ሊማሊሞን ዓይኔን ጨፍኜ አወርድሻለሁ አልኳት። "ዓይንህንማ ግለጥልኝ" አለች።

በማግስቱ መኪናዬን ሳጥብ ጎማዎቿን አየኋቸው። ሁሌም አያቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን በእናቴ ዓይን አየኋቸው። አራቱም ጥርሳቸውን ጨርሰው ልሙጥ ሆነዋል። ዳባት ድረስ ሜዳ ስለሆነ ችግር የለም፣ ዝናብ ሲጥል ትንሽ ትጨፍራለች እንጂ። ሊማሊሞ ላይ ግን ጭፈራ የለም። ሰማንያው ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ያለኝ ብር ደግሞ ወይ ሁለት አዲስ ጎማ ይገዛል፣ ወይ አራት ከውጭ የመጣ ልባሽ።

እዚህ ላይ ነው ዕውቀቴ የመጣው። እኔ መጽሐፍ አላነብም፤ ስልኬ ላይ ግን የመኪና ቪዲዮ አንድም አያመልጠኝም። ቋንቋውን ባልሰማም እጃቸውን አይቼ እረዳለሁ። ከዚያ ያወቅሁት፣ ቀላል ጎማ ያላት መኪና ዳገት ትደፍራለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ኩርባ ላይ መሬቱን ትነክሳለች። የስፖርት ጎማ ይሉታል። የኔዋ ሞተሯ የልብስ ስፌት ማሽን ነው የሚያህለው። ሊማሊሞን ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው። አንዴ አህያ ቀድሟት ሄዷል፤ አህያው ዞር ብሎ አይቶኛል። ስለዚህ ለእናቴ የሚገባት አራት ቀላል የስፖርት ጎማ ነው ብዬ ወሰንኩ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ያምራሉ። ጓደኞቼ ሲያዩ ምን እንደሚሉም አስቤያለሁ።

ዳባት አንድ ከውጭ የመጣ ጎማ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ከእህል ተራው ፊት ለፊት። በገበያ ቀን ሄድኩ።

"የስፖርት ጎማ፣ ቀላል" አልኩት።

"በዋጋ ነው በክብደት?"

"በሁለቱም።"

ሳቀና ከሸራ ሥር አራት አወጣልኝ። ጎናቸው ቀጭን፣ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ጥቁረታቸው እንደ ተቀባ ጫማ። "መጋዘን ውስጥ የቆዩ ናቸው፣ መሬት አልነኩም" አለኝ። አንዱን እንደ በግ አቅፌ ብድግ አደረግሁት። ቀላል ነው። ግን እጅ ይዋሻል፤ እኔ ደግሞ በግምት የምገዛ ሰው አይደለሁም። ጎማውን በጭንቅላቴ አጥልቄ መንገዱን ተሻገርኩና እህል ነጋዴዋ ጋ ገባሁ። ጠና ያሉ፣ ቀልድ የማያልፋቸው ሴት ናቸው።

"እትዬ፣ ይሄን ይመዝኑልኝ።"

"ምኑን?"

"ጎማውን።"

"ይቺ ሚዛን ጤፍና ገብስ ነው የምታውቅ። ጎማ ስታይ ትደነግጥብኛለች" አሉ። ግን ጆንያውን ገፋ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

ወረፋ የሚጠብቁት ገበሬዎች ተሰበሰቡ። አንዱ፣ "ለዘር ነው ለቀለብ?" አለኝ።

"ለበሶ ነው፤ ቆልቼ አስፈጨዋለሁ" አልኩት።

ሰባት ኪሎ ከምናምን ሆነ። ሄጄ ተራውን ጎማ አመጣሁ፤ እሱ ዘጠኝ ኪሎ አለፈ። አንዱ ጎማ ላይ ሁለት ኪሎ፣ አራቱ ላይ ስምንት ኪሎ። መኪናዬ ላይ አንድ ጠቦት አወረድኩላት ማለት ነው። ጎማ ሻጩም ሊያይ ተሻግሮ መጣ።

ሰው ከተሰበሰበ ዘንዳ ዝም ብዬ አልሄድም። "አሁን ደግሞ ዕድሜውን ላንብብላችሁ" አልኩ። ጎማ ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ይሄንንም ከስልኬ ነው የተማርኩት። ቁጥሩ 3116 ይላል። "አስራ ስድስት፤ ማለት አምና" አልኩ፣ ያኔ አስራ ሰባት ላይ ስለነበርን። ከዚያ በጣቴ ከመስከረም ጀምሬ ሳምንት ቆጠርኩ፤ ሰላሳ አንደኛው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ዋለ። አምና ደግሞ ሚያዝያ መጀመሪያ ዐቢይ ጾም ነበር።

"በጾም የተሠራ ጎማ ነው። ለዚያ ነው የቀለለው" አልኩ።

እህል ተራው ሳቀ። ነጋዴዋ፣ "ጎማውም ጾመ፣ አንተ ብቻ ቀረህ" አሉኝ። በሳቃቸው መሐል ብሩን ከፈልኩ፣ አራቱን ጫንኩ፣ እየዘፈንኩ ደባርቅ ገባሁ።

እኛ ከተማ፣ ወደ ሊማሊሞ መውጫው ላይ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጎማ የሚሠሩ ጎሚስታ አሉ። በልጅነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆነው ሊማሊሞን በኮረኮንቹ ጊዜ ሲወጡ ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ ጆሯቸውም ከፊሉን ሞተር በልቶታል። ስለ ጎማዎቼ የነገርኳቸውን ግማሹን እንኳ የሰሙ አይመስለኝም። አንዱን አንስተው በጉልበታቸው አጎበጡት፣ በአውራ ጣታቸው ጎኑን ጫን አሉት።

"ና እይ" አሉኝ።

ጎኑ ሲጎብጥ የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ፣ ተሰልፎ ታየ።

"አቧራ ነው ጋሼ።"

"መቼ የተሠራ ነው?"

ትምህርቱን ከሀ ጀመርኩላቸው። ሳምንቱን፣ ዓመቱን፣ ጾሙን። ጾሙ ላይ ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

"አስራ ስድስት በማን?" አሉኝ።

"እንዴት በማን?"

"ይሄን የሠራው አገር ጳጉሜን ያውቃል?"

እኔ እንግዲህ ቱሪስት ጭኜ ሳንቃበር የማደርስ ሰው ነኝ። ፈረንጅ መኪናዬ ውስጥ በገባ ቁጥር፣ "እንኳን ደስ አለህ፣ እኛ አገር ስትገባ ስምንት ዓመት ልጅ ሆንክ" እያልኩ የማስቅ ሰው ነኝ። የነሱ ዘመን ከኛ እንደሚቀድም ከኔ በላይ ያወራ የለም። ያን ቀን ግን ጎማ ይዤ ቆሜ፣ ፋብሪካውም እንደነዚያ ቱሪስቶች ፈረንጅ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

"በነሱ አስራ ስድስት ማለት በኛ ስምንት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ" አሉኝ።

"ግን እኮ አልተነዳም። መሬት አልነካም።"

"ጎማ ቁጭ ብሎም ያረጃል። ጠፍር ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅለህ፣ አልታረሰበትም፣ አዲስ ነው ብለህ በሬ ትጠምድበታለህ?"

 ዝም ማለት አልችልበትም። "ይግጠሙልኝ ጋሼ። ለአንድ ጊዜ ነው፣ ደርሼ መመለስ ብቻ ነው" አልኳቸው።

"ማንን ይዘህ ነው የምትወርድ?"

"እናቴን።"

ጎማውን መለሱልኝና ሌላ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ተናደድኩ። የተናደድኩት በሳቸው ነው፤ በራሴ ለመናደድ ገና አልደረስኩም ነበር። ከተማው ሌላ ጫፍ ያለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። እሱ አልጠየቀኝም፣ አላጎበጠም። "ያምራሉ ባክህ" አለኝና ክሪኩን አስገብቶ ሁለቱን የኋላ ገጠመልኝ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ከመንገዱ ማዶ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

ጨርቅ ቤቱ በር ላይ ቆማ ለሕፃኗ ነጭ ጨርቅና የማተብ ክር ትመርጣለች። ክሪክ ላይ በቆመችው መኪናዬ ተጋርጄ ስለነበር አላየችኝም። ጨርቅ ሻጯ፣

"ሊማሊሞን ልትወርጂ? አንቺ?" አለቻት።

"እወርዳለኋ።"

"አልፈራሽም እንዴ?"

"ምን ያስፈራኛል? ልጄ ነው የሚያወርደኝ። እሱ ሲነዳ ሻይ ብትይዢ አይፈስም። መኪናዋን ደግሞ እንደ እጁ ጣት ነው የሚያውቃት፣ የቱ ብሎን እንደላላ ሳይነካ ይነግርሻል።"

ጉራ ከማን እንደወረስኩ ያን ቀን ገባኝ። ለወትሮው ሰው ሲያወድሰኝ ጠጋ ብዬ ነው የምሰማው። ያን ቀን ግን ጎማው ጎን ላይ ያለውን ስንጥቅ እያየሁ፣ ጎንበስ ብዬ ተደበቅኩ። እሷ እኮ ስለ ሊማሊሞ ሐሳቧን አልቀየረችም። ሊማሊሞ ያው ሊማሊሞ ነው። ፍርሃቷን ሁሉ ሰብስባ እኔ ላይ ነው ያስቀመጠችው፣ እንደ ዕቃ፣ ያዝልኝ ብላ።

"አውልቃቸው" አልኩት ጎሚስታውን።

"ምን?"

"ያደረግካቸውን አውልቅልኝ። የድሮዎቹን መልስ።"

አበደ ብሎ አወለቀልኝ። የላቡን ከፍዬው ወደ ፊተኛው ጎሚስታ ተመለስኩ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ፤ ልሙጦቹን አሮጌ ጎማዎቼን አዩ።

"ገጥመህ ነበር?"

"ሁለቱን። አስወለቅኋቸው።"

"ጎሽ" አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ የቆርቆሮውን በር ሳቡና ቆለፉት። "በል ተነስ፣ ዳባት ሳይዘጋ እንድረስ።"

ሰውዬው እንድረስ ያሉኝ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። ከሊማሊሞ የሚወጣው ጭነት መኪና ሁሉ ጎማው ተንፍሶ እሳቸውን ብሎ የሚመጣበት ሰዓት ነው። አብሬህ ልሂድ ወይ አላሉኝም፤ ዋጋም አልጠሩ። ፊት ወንበር ገብተው ተቀመጡና እስከ ዳባት አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ተናገሩ፦ "ቀስ በል።"

ጎማ ሻጩ ጋ ስንደርስ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ሽማግሌው ግን ቁጥሩን አሳዩትና ያንኑ፣ "በማን ነው?" ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ጎማውን አየ፣ እኛን አየ፣ ሸራው ሥር ያለውን ክምር አየ።

"እኔም እኮ በኛ ነው የማነበው" አለ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ተነስቶ ከሱቁ ጀርባ ወደቆመችው የራሱ መኪና ሮጠ። ተንበርክኮ የፊት ጎማዋን ሲያነብ አየነው። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነው። "ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርስባት ናት" አለ። ከዚያ ክርክር አልነበረም። አራቱን ተቀበለኝና፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ይምረጡ፣ የፈለጉትን ይውሰዱ" አላቸው። ጭማሪ አልጠየቀም። ሌላ ነጋዴ ቢሆን አይተህ ነው የወሰድከው ብሎ ያባርረኝ ነበር፤ እግዜር ይስጠው።

የሽማግሌውን አመራረጥ ብታዩ። እኔ በሚዛንና በጉራ ነበር የመረጥኩት። እሳቸው እያንዳንዱን ያጎብጣሉ፣ በጥፍራቸው ይጭራሉ፣ ውስጡን በመዳፋቸው ዞረው ይዳብሳሉ፣ መጨረሻ ላይ በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ አድርገው በደህናው ጆሯቸው ያዳምጣሉ። ክምሩን አገላብጠው በፈረንጅ ሃያ ሦስትና ሃያ አራት የሚል አራት ለቀሙ። ምንም የማያምሩ፣ ጎናቸው ወፍራም፣ ጥርሳቸው የገበሬ ጫማ የመሰለ።

"ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ከባድ ናቸው። ዘጠኝ ዘጠኝ ኪሎ ናቸው። ስንመለስ ዳገቱን አትወጣልኝም።"

 የመረጧቸውን ሊያስገቡ የመኪናዬን ኋላ ከፈቱና ቆሙ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ሙዚቃ ነው።"

ኋላዬን ሙሉ የያዘ ስፒከር ነበረኝ፤ በእንጨት ሳጥን የተሠራ፣ ደባርቅ ከተማ መግቢያው ላይ ስደርስ መውጫው ላይ የሚሰማ። ሙዚቃዬን የማያውቅ ሰው የለም።

"መዝነው" አሉኝ።

ለሁለት ተሸክመን ተሻገርን። እህል ነጋዴዋ ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ደግሞ ምን አመጣህልኝ?" ሚዛኑ ሰላሳ አንድ ኪሎ አለ። ለስምንት ኪሎ ብዬ እናቴን በዘጠኝ ዓመት ጎማ ላይ ላስቀምጥ ነበር፤ አራት ጠቦት የሚያህል ሙዚቃ ከኋላዬ ተጋድሞ።  ለወትሮው ሰው ሲቀልድብኝ ደስ ይለኛል፣ ያን ቀን ግን ማንም ስላልቀለደብኝ አመሰገንኳቸው። ነጋዴዋ፣ "እዚህ ተወው፣ ጆንያ ላስቀምጥበት" አሉኝ። እስከ ዛሬ እሳቸው ጋ ነው፤ ጤፍ ተጭኖበታል።

ጎማዎቹን ሽማግሌው ራሳቸው ገጠሙልኝ። ብሎኖቹን አንዴ አጥብቀው፣ ትንሽ ነድቼ እንድመለስ አድርገው፣ እንደገና አጠበቁ። ልከፍላቸው ስል፣ "እናትህን አድርሰህ ስትመለስ" አሉኝ። ከተመለስኩም በኋላ አልተቀበሉኝም።

የወረድነው በሰባ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ነጭ ለብሳ፣ የሕፃኗን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ይዛ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ጭነት መኪኖች የሚያቆሙበት ጋ አቆምኩ። ሾፌሮቹ ወርደው ፍሬንና ጎማቸውን የሚያዩበት ቦታ ነው፤ እኔ ለወትሮ ጥሩንባ ነፍቼ ነው የማልፋቸው። ያን ቀን ወረድኩና አራቱንም ዞሬ ዳበስኳቸው። እናቴ በመስኮት እያየችኝ፣

"ምን ሆኑ?" አለች።

"ምንም። ሰላም እያልኳቸው ነው።"

የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች አቡነ ዘበሰማያት እየደገመች፣ ዓይኗን ጨፍና ወረደች። እኔም አልቀለድኩም፣ አልዘፈንኩም፤ መዝፈኛውም የለም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ኩርባ በኩርባ። ወፍራሞቹ ጎማዎች መሬቱን ሲይዙት መሪው ላይ በእጄ ይሰማኝ ነበር። መሐል ላይ ጸሎቷ ቆመ። ዞር ብዬ ሳይ ዓይኗ ተገልጧል፤ ገደሉን ታያለች።

"ያኔ እዚህ ጋ ነበር" አለች። "ዛፉ አሁንም አለ።"

"ልቁም?"

"አትቁም። ሂድ።"

ሄድኩ። አዲአርቃይ ስንገባ ሁለቱ አብሮ አደጎች አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲያለቅሱ እኔ መኪናዋን የማጥብ መሰልኩ። በማግስቱ ማለዳ ሕፃኗን ከቤተ ክርስቲያን አቅፋ የወጣችው እናቴ ናት።

ስንመለስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ጀመርን፤ ጓደኛዋ የጫነችልን ማሽላ ቢኖርም ስፒከሩ ስለሌለ ሞተሯ አላቃሰተችም። ለእናቴ ይሄን ላብራራላት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ፈረንጅ ዘመን፣ ስለ ጠፍሩ፣ እንዴት ልትቀበር ትንሽ እንደቀራትም ልነግራት አፌን ከፍቼ ዞርኩ። ተኝታለች። ሊማሊሞ ላይ፣ ገደሉ በሷ በኩል፣ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ።

እንዲህ በዝምታ ነድቼ አላውቅም። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ሸሸሁላት። ከኋላ የመጣው አውቶቡስ ጥሩንባ ሊነፋ ሲል እጄን አውጥቼ ለመንኩት፤ እሱም ተረድቶ በቀስታ አለፈኝ። ደባርቅ ገብቼ ደጃችን ላይ ሞተሩን አጠፋሁና ራሷ እስክትነቃ ቁጭ አልኩ። ስትነቃ ዙሪያዋን አየች።

"ሊማሊሞ የታለ?"

"አለፈ እኮ።"

"ውይ፣ ሳላየው" አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። "ይሁን፣ ለሕፃኗ ልደት ስንወርድ አየዋለሁ።"